«አሻራሽን አሳርፊና ውጪ» ለተባለችው እህቴ

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ በሰው እጅ ነው። ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ ሁለት ቅጠል ወረቀት ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ ላስነብባችሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው ምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለ ቀበሌ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው። በሰማንያ ከተጋባን 14 ዓመት ሆነን። የ13፣ የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። ባለቤቴ እህል ንግድ ከጀመረ ወዲህ ከተማ ሌላ ሴት ይዟል። ቤት የሚመጣው ለአዝመራ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ታገስኩ። አሁን በቃኝ፣ እንፋታ ስለው ሽማግሌ ሰበሰበ። እነሱም ‹ፍቺ የጠየቅሽው አንቺ ስለሆንሽ ንብረት አይገባሽም። ልብስሽን፣ አንድ ላምና ሁለት ኩንታል ጤፍ ይዘሽ፣ አሻራሽን አሳርፊና ውጪ› አሉኝ። ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። ለመጪው ወር ቀጥረውኛል።

በጋራ ደብተር ሦስት ቃዳ መሬት አለን። አንዱን ቃዳ እሱ ከእኔ በፊት በ1989 ሽግሽግ ያገኘው ነው። ሁለቱን ከተጋባን በኋላ አባቱ ሰጡን። እኔ ደግሞ ከእናቴ የወረስኩት አንድ ቃዳ በስሜ አለ። ጥማድ በሬ፣ ሦስት ላሞችና ባሕር ዛፍ አለን። ከስድስት ዓመት በፊት ከተማ የሠራነው የቆርቆሮ ቤት ግን በእሱ ስም ብቻ ነው፤ ሊሸጠው ነው ይባላል። የጸደይ ባንክ ብድርም አለብን። ወንድሜ ‹ፍርድ ቤት እንዳትሄጂ፣ ዕድሜሽን እዚያ ትጨርሻለሽ› ይለኛል። ምን ይሻለኛል? አንድ ነገር ደግሞ፣ አማቴ ምንም አላስቀየሙኝም። እንደ እናቴ ናቸው። ለእሳቸው ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ይህን የጻፈልኝ ትልቁ ልጄ ነው።»

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምነግርሽ ብዙ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ግን ይህችን አትርሺ፦ ያን ወረቀት አትፈርሚ። አሻራሽንም አታሳርፊበት። ሽማግሌዎቹ ቢቆጡ፣ «ናቅሽን ወይ?» ቢሉሽ፣ «አባቶቼ፣ አልናቅኋችሁም፤ ይህን ግን ፍርድ ቤት ይየው» በያቸው። ከዚያ በላይ መከራከር የለብሽም።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርሽ። ምሥራቅ ጎጃም ገጠር አንዲት አክስት ነበረችኝ። እሷም እንዳንቺ ሽማግሌ ፊት ተቀመጠች። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ ቡና ከሚያፈሉት ሴቶች መሀል ሆኜ አያለሁ። አንድ ሰው አውራ ጣቷን ይዞ ወይን ጠጅ ቀለም የነከረ ጨርቅ ላይ ጫን አደረገው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫነው። ወረቀቱን ማንም አላነበበላትም። እሷም ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ያ ነጠላ ስንት ጊዜ ታጥቦ ቀለሙ አልለቀቀም። ከዚያ ሁሉ ዓመት ትዳር ይዛ የወጣችው አንዲት በግና አንድ ጋቢ ነበር። ቆይቶ አንድ የተማረ ዘመድ ወረቀቱን አነበበላት። «ከንብረቱ ድርሻዬን ተረክቤያለሁ፤ ወደፊት የምጠይቀው የለም» ይላል። እንዲህ ያለ ወረቀት በኋላ በክርክር ሊፈርስ ይችላል። ግን «አላነበቡልኝም፣ ተገድጄ ነው» ብሎ ማስረዳት መከራ ነው። ከመፈረም በፊት እንቢ ማለት ይቀላል።

ሽማግሌዎቹ ዋሽተዋል አልልሽም። ያሉሽ ነገር ሥር አለው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ፍቺ በጥፋት የሚመዘን ነገር ነበር። በቂ ምክንያት ሳይኖረው ፍቺ የጠየቀ ሰው በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል ነበር። ያን ጊዜ ፍቺን የሚወስኑትም የቤተ ዘመድ ዳኞች የሚባሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። አባቶቻችን በዚያ ሕግ ኖረዋል፤ በዚያም ሸምግለዋል። ዛሬም «የጠየቀ ይወጣል» የሚሉት ከዚያ የቀረ ነው። ሕጉ ግን ተለውጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም፣ በትዳር ሳሉም፣ ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወጣ። የእኛ የአማራ ክልል ደግሞ የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። ጎጃም ላይ የአንቺን ጉዳይ የሚዳኘው ይህ የክልሉ ሕግ ነው። ቁጥሩን ልጅሽ ሳይሆን አንቺ ራስሽ በቃልሽ ያዢው፤ ሰባ ዘጠኝ፣ ዘጠና አምስት።

ስለዚህ ፍቺ የጠየቅሽው አንቺ ብትሆኚም ድርሻሽ አይቀንስም። ቤቱን ጥለሽ ወላጆችሽ ጋ ብትገቢም አይቀንስም። ሰማንያ ይሁን ቁርባን ይሁን የክብር መዝገብ፣ ጋብቻው በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም በሕግ ፊት ውጤቱ አንድ ነው። እሱ ሌላ ሴት መያዙን ማስረዳት ብትችዪ ደግሞ፣ በጥፋቱ ለደረሰብሽ ጉዳት ካሣ ለመጠየቅ ሊረዳሽ ይችላል። ከእሷ ጋር በሕግ ተጋብቶ ከሆነ በአንድ ጋብቻ ላይ ሌላ ጋብቻ መፈጸም በወንጀል ሕጉ ያስከስሳል። ያ ግን ለብቻው የሚታይ መዝገብ ነው። አሁን ጉልበትሽን እዚያ ላይ አትጨርሺ።

አሁን ወደ አካሄዱ ልግባ።

ጋብቻን የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ አያፋታም። ቀበሌም አያፋታም። ሁለት ዓመት ተለያይቶ መኖርም በራሱ ፍቺ አይደለም። ብዙ ሰው «እኛ እኮ ከተፋታን ቆየን» ይላል። ወረቀቱ ሲፈለግ ግን የለም። ከዚያ አንዱ ይሞታል፤ ወይም ሌላ ያገባል፤ ያኔ መሬቱ የማን እንደሆነ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ክርክር ይነሳል።

ወደ ወረዳችሁ ፍርድ ቤት የሚያስገቡ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ በስምምነት መፋታት ነው። ሁለታችሁ ስለ ፍቺውም፣ ስለ ልጆቹም፣ ስለ ንብረቱም ተስማምታችሁ ስምምነቱን በጽሑፍ ታቀርባላችሁ። ዳኛው ዝም ብሎ ማኅተም አይመታበትም። ሁለታችሁንም ያናግራል። ፈቅዳችሁ እንደሆነ ያጣራል። አንዱን የሚበድል፣ ሕግንና ሞራልን የሚቃረን ከሆነ አያጸድቀውም። የሽማግሌዎቹን ወረቀት ዓይነት ስምምነት ፍርድ ቤት ብታቀርቢው የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ግን ማንም አይጠይቅልሽም። ሁለተኛው በር አንድ ወገን ብቻ የሚያቀርበው ማመልከቻ ነው። ባልሽ እንቢ ቢልም አንቺ ብቻሽን ማመልከት ትችያለሽ። ምክንያትሽን መናገር ትችያለሽ፤ አልናገርም ካልሽም ለዚያ ተብሎ ፍቺ አይከለከልሽም። ሌላ ሴት መያዙን በምስክር እስክታረጋግጪ ድረስ ታስረሽ የምትቀሪበት ሕግ የለም።

ማመልከቻውን የፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉልሻል። የግድ ጠበቃ አያስፈልግሽም። ነገር ግን ከማስገባትሽ በፊት ጽሑፉን ሙሉውን አስነብቢ። እነዚህ ሰዎች በቀን ብዙ ሰው ስለሚያስተናግዱ አንዳንዴ የሌላ ሰው ታሪክ ያንቺ ላይ ይገባል። የልጅ ስም ይሳሳታል። ቃዳው ይጎድላል። አንዴ ከገባ በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ቀጠሮ ይበላል።

መዝገቡ ሲከፈት ለባልሽ መጥሪያ ይወጣል። በቀጠሮው ቀን ዳኛው ሁለታችሁንም ያናግራል፤ ሐሳባችሁን እንድትለውጡ ይመክራል። ከፈለገ እናንተ ወደመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች ይመራችኋል። ወይም የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ይህ ጊዜ በወር የሚቆጠር ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከሦስት ወር አይለፍ ይላል። እርቁ ካልሆነ ፍቺው ይወሰናል። ሽማግሌዎቹን ስትመርጡ ግን ልብ በይ። አሁን የተቀመጡት ሁሉ የእሱ ዘመድና የእሱ የንግድ ወዳጆች ከሆኑ «እኔም የማምነውን ሰው እመርጣለሁ» የማለት መብት አለሽ። የነፍስ አባትሽን፣ አጎትሽን፣ ሐቅ ትናገራለች የምትያትን የጎረቤት ሴት ጥሪ። ሴት ሽማግሌ አትሆንም የሚል ሕግ የለም።

ወንድምሽ «ዕድሜሽን እዚያ ትጨርሻለሽ» ያለው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ልሸነግልሽ አልፈልግም። ፍቺው ራሱ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። የሚጎተተው የንብረቱ ክርክር ነው። ቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ይሰጣል። በዚያ ላይ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበት፣ ችሎት የማይቀመጥበት ሰሞን አለ። ስለዚህ ከቤት ከመውጣትሽ በፊት ችሎት መዋሉን ስልክ ያለውን ሰው አስጠይቂ። በሰላም ችግር መንገድ ላይ ከቀረሽ በመጀመሪያ በተገኘው አጋጣሚ ምክንያትሽን ለሬጅስትራሩ አስታውቂ፤ ዝም ካልሽ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ሁሉ የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም። አውቀሽ እንድትገቢ ነው።

አሁን እሳት የያዘው ነገር የከተማው ቤት ነው። ሊሸጠው ነው ብለሻል። እንግዲህ ማመልከቻሽን በምታስገቢበት ዕለት አብረሽ የእግድ አቤቱታ አስገቢ። ፍርድ ቤቱ ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ፣ ለሌላ እንዳይተላለፍ ማዘዝ ይችላል። ትእዛዙ ሲወጣ እዚያው ፋይል ውስጥ አይቀመጥ። ግልባጩን አንቺው ይዘሽ የቤቱ መዝገብ ያለበት ማዘጋጃ ቤት አድርሺ። ተቀበልን የሚል ማኅተም አስመቺበት። ብዙ ሴቶች እግድ አግኝተው ማዘጋጃ ቤቱ ሳይደርሰው ቤቱ ተሸጧል። በዚሁ አቤቱታ የልጆቹን ጊዜያዊ ቀለብ ጠይቂ። ጎተራ ያለው እህልና ከብቱ እንዲመዘገብም ጠይቂ። ፍቺው እስኪያልቅ እነዚህ ሁሉ በጊዜያዊ ትእዛዝ የሚሸፈኑ ናቸው።

ቤቱ በእሱ ስም ብቻ መሆኑ አያስፈራሽ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «የግሌ ነው» የሚል ሰው የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። እናንተ ከተጋባችሁ በስምንተኛው ዓመት የተሠራ ቤት ነው። ያኔ ቆርቆሮውን የጫነው ባለ ጋሪ፣ ጭቃውን የለሰኑት ሰዎች፣ አንቺ ለሠራተኞቹ ምሳ ስታቀርቢ ያየ ጎረቤት ካለ ስማቸውን ያዢ። እነዚህ ጥሩ ምስክሮች ናቸው። ለነገሩ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ፈቃድ አይሸጥም። ሸጦት ከተገኘም ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። ለዚህ ግን የጊዜ ገደብ አለ። የፌዴራሉ ሕግ ካወቁበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ይላል። ስለዚህ «ተሸጠ አሉ» ብለሽ ተቀምጠሽ አታልቅሺ፤ በማግሥቱ ሂጂ።

መሬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አገር ፍቺ ማለት መሬት ማለት ነውና።

የመሬቱን ደብተር አውጪና ተመልከቺው። ያንቺም የእሱም ፎቶ ጎን ለጎን አለ? ስምሽ በትክክል ተጽፏል? የአያት ስም አልተሳሳተም? ገጹን ሁሉ በስልክ ፎቶ አስነሺ። ፎቶውን ቤት ውስጥ ላልሆነ ለምታምኚው ሰው ላኪ። ደብተር በፍቺ ሰሞን እግር ያወጣል። ቢጠፋ እንኳ ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ መዝገቡ በወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አለ።

ከእናትሽ የወረስሽው ቃዳ የግልሽ ነው። ማንም አይነካውም። እሱም በተመሳሳይ ከአንቺ በፊት በሽግሽጉ ያገኘውን አንድ ቃዳ «የግሌ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይህን ብሎ ቢመጣ አትደንግጪ። ደብተሩ ላይ የሁለታችሁ ስም መኖሩ ለአንቺ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ዳኛው ግን መሬቱ እንዴት እንደተገኘም ይጠይቃል። ዋናው ክርክር የሚሆነው አባቱ በሰጧችሁ ሁለት ቃዳ ላይ ነው። አንቺ በደብዳቤሽ «ሰጡን» ብለሻል። እሱ ችሎት ላይ «ሰጡኝ» ይላል። በአንዲት ፊደል ውስጥ ሁለት ቃዳ መሬት አለ። ለሁለታችሁ የተሰጠ ከሆነ የጋራ ነው። ለእሱ ብቻ የተሰጠ ከሆነ የግሉ ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ ስጦታው ሲመዘገብ ማን ማን ተብሎ እንደተጻፈ ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ግልባጭ ጠይቂ። ያን ቀን እዚያ የነበሩ ሰዎችንም አስታውሺ። ነገሩ በወሬ ሳይሆን በዚያ ወረቀት ነው የሚያልቀው።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋል። መሬቱ የግል ቢሆን እንኳ በትዳር ጊዜ ከእሱ የተገኘ እህል የጋራ ነው። ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢም የጋራ ይሆናልና። በእሱ ቃዳ ላይ አንቺ ስንት ዓመት አርመሻል፣ ስንት ዓመት አጭደሻል። ከዚያ እህል የተገዛ በሬ የእሱ ብቻ አይደለም። የንግዱ ገንዘብም ቢሆን በትዳር ውስጥ የመጣ ነው። መጋዘን ያለውን እህል፣ የባንክ ሒሳቡን፣ ሰው ላይ ያለውን ዱቤ በምታውቂው መጠን አስጽፊ። በባንክ ያለውን ፍርድ ቤቱ ራሱ ጠይቆ ማስመጣት ይችላል።

ባሕር ዛፉን እንዳትረሺው። ሰው መሬቱን ሲያካፍል ዛፉን ይረሳል፤ ዛሬ ደግሞ አንድ ጥሩ የባሕር ዛፍ ማሳ ከቤት ዋጋ አያንስም። ስንት ሥር እንደሆነ፣ መቼ እንደተተከለ፣ አንዴ ተቆርጦ ያንሰራራ እንደሆነ አስጽፊ። በፍቺው መሀል መጥረቢያ ይዞ ሰው ከገባበት ለዚህም እግድ ጠይቂ።

ጥማድ በሬው ሲካፈል አንድ አንድ ይደርሳችኋል። በአንድ በሬ ምን አርሳለሁ ብለሽ አትጨነቂ፤ መቀናጆ ያላየ የጎጃም ገበሬ የለም። ጎረቤት ወይም ወንድምሽ ጋር ተቀናጅተሽ ታርሻለሽ። ቤቱ ግን እንደ በሬ አይከፈልም። ወይ አንዳችሁ ወስዳችሁ ለሌላው ግማሽ ዋጋውን ትከፍላላችሁ። ወይ ተሽጦ ገንዘቡ ይከፈላል። ካልተስማማችሁ በሐራጅ ይሸጣል። ሐራጅ ብዙ ጊዜ ዋጋ ያወርዳል። እዚህ ላይ መስማማት ለሁለታችሁም ይጠቅማል፤ እሱም እህል ነጋዴ ነውና ይህ ይገባዋል።

የባንኩ ብድር በማን ስም ነው? ደግሞ ለምን ዋለ? ለማዳበሪያ፣ ለቤቱ፣ ለልጆች ከሆነ የጋራ ዕዳ ነው፤ ንብረቱ ከመከፈሉ በፊት ከጋራው ይከፈላል። ለራሱ ጉዳይ ብቻ ያዋለው ከሆነ ይህን ተናገሪ። የመክፈያ ደብተሩን ይዘሽ ቅረቢ።

ስለ ልጆቹ። ልጆች ለማን ይሰጡ የሚለውን ፍርድ ቤቱ የሚወስነው የእነሱን ጥቅም አይቶ ነው። ዕድሜያቸውን፣ የእናንተን ጤናና አኗኗር፣ ገቢያችሁን ያያል። ገቢዬ ትንሽ ነው ብለሽ ልጆቼን እነጠቃለሁ ብለሽ አትፍሪ፤ ለዚያ ነው ቀለብ ያለው። ቀለብ የተቆረጠ ዋጋ የለውም። የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ይመዘናል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን፣ የሕክምናውን፣ የልብሱን ወጪ አስልተሽ ሂጂ። «በቂ ቀለብ» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፤ ብር ጥሪ። ቢፈረድልሽና ባይከፍል ወዲያው የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቺ። ውዝፉ እስኪከማች አትጠብቂ። ልጆቹ አንቺ ጋ ቢሆኑም አባታቸው የማየት መብት አለው። ይህን አትከልክይው፤ ለልጆቹ ብለሽ።

እታለም፣ ትልቁ ልጅሽን ግን አደራ። በ13 ዓመቱ የወላጆቹን ፍቺ በእጁ ጽፏል። እጅ ጽሑፉ ያምራል። «ሌላ ሴት» የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩ ወረቀቱን ወግቶታል፤ ከጀርባው ይታያል። ሁለተኛ ደብዳቤ ካለሽ ሌላ ሰው ይጻፍልሽ። ወደ ፍርድ ቤትም ይዘሽው አትሂጂ፤ ዳኛው ልጁን ልስማው ካለ ራሱ ይጠራዋል። መጥሪያ አድርስ፣ አባትህ ስንት ሸጠ እያሉ ልጅን መላክ ይቅር።

ገንዘብ የለኝም እንዳትዪ። ድሃ መሆንሽን ካስረዳሽ ፍርድ ቤቱ የዳኝነት ክፍያ ሳትከፍዪ በደሃ ደንብ ክስ እንድታቀርቢ ሊፈቅድልሽ ይችላል። ለዚህ ከቀበሌሽ ደብዳቤ ያዢ። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ጎራ በይ። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ በአቅራቢያሽ ማዕከል እንዳለ አስጠይቂ። ይዘሽ የምትሄጂው ብዙ አይደለም፤ የሰማንያው ውል፣ የልጆቹ የልደት ወረቀት ወይም የክትባት ካርድ፣ የመሬት ደብተሩ ግልባጭ፣ የቤቱ ግብር ደረሰኝ ካገኘሽ፣ የምስክሮች ስም። የሰማንያው ውል ጠፍቶ ከሆነም ባልና ሚስት ሆናችሁ መኖራችሁን በምስክር ማስረዳት ይቻላል።

ውሳኔው ካልጣመሽ ይግባኝ አለ። የምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እዚያው ፍኖተ ሰላም ነው። የይግባኝ ጊዜው ከውሳኔው ጀምሮ 60 ቀን ነው። የውሳኔ ግልባጭ ለማግኘት ብቻ ቀናት ስለሚያልፉ ውሳኔው በተነበበበት ዕለት ግልባጭ ጠይቂ። ሲያልቅም ፍቺውን ቀበሌ ሄደሽ በወሳኝ ኩነት አስመዝግቢና የፍቺ ምስክር ወረቀት ውሰጂ። ከዚያ የፍርዱን ግልባጭ ይዘሽ መሬት ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ድርሻሽ በስምሽ ብቻ በአዲስ ደብተር ይውጣ። ብዙ ሴት ተፈርዶላት፣ እልል ብላ ቤቷ ትገባለች። ደብተሩ ግን እንደድሮው ይቆያል። ከዓመታት በኋላ በግብር ደረሰኝ ላይ የማን ስም እንዳለ ስታይ ነው የምትነቃው።

አማትሽን በተመለከተ። መጥሪያው ባልሽ እጅ ከመግባቱ በፊት አንቺ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው። ከሰው አፍ አይስሙት። ብቻቸውን ሆነው፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሂጂ። ስለ ልጃቸው ክፉ አትናገሪ፤ እሱን እሳቸው ያውቁታል። «እማማ፣ ከልጅዎ ጋር ፍርድ ቤት ልሄድ ነው። ከእርስዎ ጋር ግን አልተጣላሁም። ልጆቹም የእርስዎ ናቸው» በያቸው። ያለቅሱ ይሆናል። ይቆጡም ይሆናል። ቡናውን እስከ በረካ ጠጥተሽ ተነሺ። ለፋሲካ ልጆቹን ትልኪላቸዋለሽ።